«ደረቅ ነው» ይሉናል

ጥር ላይ እናቴ ዘንድ ሄጄ ሳጥኑን ሳየው ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ለእንቁጣጣሽ ብዬ ነሐሴን ሙሉ ማታ ማታ የታገልኩበት ሳጥን ነው። ክዳኑ ላይ አንዲት አደይ አበባ አለች። ስምንቱ ቅጠሎቿ ከዝግባ ተቆርጠው ዋንዛው ውስጥ የገቡ ናቸው፤ መሐሏ ላይ ትንሽ የወይራ ክብ አለ። መስከረም ላይ ሳስረክብ መጋጠሚያውን በጥፍሬ ብዳብሰው አይዝም ነበር። አሁን በእያንዳንዱ ቅጠል ግራና ቀኝ ጥቁር መስመር ወጥቷል። አንደኛው ቅጠል በጣት ሲነካ ይነቃነቃል። ጫፉና ሥሩ እንዳለ ነው፤ የሸሸው ጎኑ ነው። እናቴ ፊቴን አይታ «ምን ሆነ ታዲያ? ያምራል እኮ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንጨትን በእንጨት ውስጥ መክተት የጀመርን ሰዎች ስንገናኝ ወሬያችን ሁሉ ይኸው ነው። አንዱ የልጁን ስም የከተተበት የአልጋ ራስጌ ተሰነጠቀበት፤ ሌላው ጠረጴዛ ላይ ያስገባው ቀጭን መስመር ክረምት ሲገባ ተነስቶ እጅ መቧጨር ጀመረ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። አንዱ እንጨት በቅርጹ ይቆረጣል፣ ሌላው በልኩ ይቦረቦራል፣ ኮላ ይቀባል፣ ይከተታል፣ ይላጋል። በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስንት ቅዳሜ እንደሚያልቅ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው።

የእጅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን አላማርርም ነበር። እጅ ይለመዳል። የሚያማርረኝ እጅ ቢለመድም የማይስተካከለው ነገር ነው፤ እሱም እርጥብ እንጨት ነው። እንጨት በቁመቱ ይህን ያህል አይንቀሳቀስም፤ የሚያብጠውም የሚኮማተረውም በወርዱ ነው። አዲስ የተቆረጠ ዛፍ ውስጥ ያለው ውኃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ግማሹን ሊያክል፣ አንዳንዴም ሊበልጥ ይችላል። እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች መውረድ ሲጀምር እንጨቱም መኮማተር ይጀምራል። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚፈለገው ከ8 እስከ 12 በመቶ ያለው ነው። ጣውላ በጥላ ሥር ነፋስ እየመታው ሲደርቅ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይሰጠው የሚል የቆየ የአናጺዎች ልማድ አለ። ማን ነው እዚህ አንድ ዓመት አቆይቶ የሚሸጥልን?

የእኔ ሳጥን ክዳን ከአሮጌ ቁም ሣጥን በር የወጣ ዋንዛ ነበር፤ ስንት ዓመት ሰው ቤት ቆሞ የደረቀ። ዝግባው ግን አዲስ ነበር። ደረቁ ዋንዛ ባለበት ቆሞ ዝግባው እየደረቀ ጠበበ፤ ስምንቱም ቅጠሎች በየወርዳቸው ሸሹ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን ደግሞ የባሰ ነው። ደረቅ ቁራጭ እርጥብ እንጨት ውስጥ ሲገባ ዙሪያው እየጠበበ ይጨመድደዋል፣ መጨረሻ ላይ ዙሪያው ራሱ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ሳጥኑ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ሻጩ ዘንድ ስንሄድ ንግግራችን አንድ ዓይነት ነው።

«ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው።»

«መቼ ነው የተሰነጠቀው?»

«ኧረ ቆይቷል።»

ጣውላው የተደረደረው ደጅ ላይ፣ በላስቲክ ሸራ ሥር ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት ጭቃ ነው። በጣውላና በጣውላ መካከል ነፋስ የሚያሳልፍ ስንጥር እንኳ የለም። ሻጩ ውሸታም ነው አልልም። እሱም ከመኪና ላይ ሲረከብ የነገረው የለም፤ መኪናው ላይ የጫነውም አልተነገረውም። ጣውላ ላይ በእርሳስ ቀን መጻፍ ምን ያህል ያስቸግራል? አንድ ቁጥርና አንድ ወር ብቻ። ዘመዴ ከአሜሪካ ሲመጣ የእርጥበት መለኪያ አመጣልኝ፤ ሁለት መርፌ ያላት፣ ኪስ የምትገባ መሣሪያ ናት። «ደረቅ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝን ጣውላ ወጋሁበት። 23 አነበበች። ሌላ ቦታ ወጋሁ፤ 24።

ሁለተኛው ምሬት የእንጨት ስም ነው። በአበባው ዙሪያ ጥቁር መስመር ማስገባት ፈልጌ ስጠይቅ «ጥቁር እንጨት አለ» ተባልኩ። ደስ ብሎኝ ገዛሁ፤ ስልገው ቀይ ቡናማ ነው። ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ ውስጡ ቀላ ያለ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ምን አይተው እንዳወጡት እነሱ ያውቃሉ። ግን መስመር ለሚፈልግ ጀማሪ ይህን የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። እውነተኛ ጠቆር ያለ እንጨት ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ቦታ ነው፤ ለጭስ የወይራ እንጨት ከሚሸጡ እናት። የወይራ ልቡ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ ጥቁር ሥር ሥር አለው፣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። እሳቸው ግን ለጭስ ነው የሚያዘጋጁት፣ ፀሐይ ላይ ፈጥኖ የደረቀ ነው፤ ከአሥሩ ቁራጭ ስምንቱ እስከ ልቡ ተሰንጥቋል። ከቀሩት ሁለቱ የአበባዬ መሐል ወጣ። «ልጄ፣ ለምንድን ነው እያገላበጥክ የምታየው? ይጨሳል እኮ» ሲሉኝ ምን ብዬ ላስረዳ? የወይራ ቅባት ደግሞ ኮላ አያስይዝም፤ ከመጣበቁ በፊት በአልኮል መጠረግ አለበት። እሱንም የነገረኝ የለም፤ ክቡ ሁለት ጊዜ ተነቅሎብኛል።

ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር። ተገቢ ነው፤ የቀረውን ደን ያየ ሰው አይከራከርም። ስለዚህ ከየት እንደመጣ የማላውቀውን አዲስ ዝግባ ዳግመኛ ላለመግዛት ወስኛለሁ፤ ያን አበባ ሳስብ ከክፍተቱ ሌላ ይህም ይቆረቁረኛል። የቀረን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ሄዶ የተሰባበረ ቁም ሣጥን፣ የወላለቀ በር፣ እግር የሌለው አልጋ መፈለግ ነው። እዚያ የሚገኘው እንጨት ደረቅ ነው፣ ሐቀኛ ነው። ግን ምስማር አለበት። ቀለም ተቀብቶ፣ ስቱኮ ተለስኖ፣ ምስማሩ ከሥር ተደብቆ ይጠብቅሃል። መላጊያዬ ስለቱ ሁለት ቦታ ተሸርፏል፤ ስለቱን መልሶ ለማውጣት መሳያ ድንጋይ ላይ አንድ ሙሉ እሁድ ሄዷል።

ስለ መሮም ልናገር። መሣሪያ መሸጫ ገብታችሁ 3 ሚሊ ሜትር መሮ ብላችሁ ጠይቁ። ባለሱቁ 12 ሚሊ ያወጣል፣ ቀጥሎ 10፣ እንደ ትልቅ ነገር 6። ከዚያ በታች «እሱን ምን ትሠራበታለህ?» ነው። የአበባ ቅጠል ጫፍ በ6 ሚሊ መሮ አይቦረቦርም። እኔ ከተሰበረ የሰጌቶ ምላጭ ሞርጄ ሠራሁ፤ የማውቃቸው ጀማሪዎችም ሁሉ አንዳንድ እንዲህ ያለ የግል መሮ አላቸው፣ አንዱ ከካቻቪቴ፣ አንዱ ከጃንጥላ ሽቦ። ቀጭኗን የመጋዝ ምላጭ ያገኘናት ከወርቅ ሠሪዎች ነው፤ የእነሱ ባትኖር እስካሁን በካተር እየቧጨርን ነበር። ምላጯም ክር ናት፤ ትንሽ ከገፏት ትበጠሳለች፣ እና የአንድ ቅጠል ዙር ሳያልቅ ሦስት ትሄዳለች።

ኮላውስ? በላስቲክ ተመዝኖ የሚሸጠው ቪናቪል መቼ እንደተከፈተ አይታወቅም። ባይበላሽም እንኳ ውኃ አለበት። ቁራጩን ያለ ኮላ ስትሞክረው ልክክ ብሎ ይገባል፤ ኮላ ስትቀባው ያብጥና አልገባም ይላል። ያኔ ሰዓት የለም። አንድ እጅ ይገፋል፣ አንድ እጅ መዶሻ ይፈልጋል፣ ኮላው በጠርዙ እየወጣ ይደርቃል። የመጀመሪያዋን ቅጠል እንዲህ ስደበድብ ጫፏ ተቆረሰች፤ የጫፏን ቁራጭ ከሰጋቱራው ውስጥ በእጅ ባትሪ ስፈልግ እኩለ ሌሊት ሆነ። ሞርሳ ስለሌለኝ በላዩ የእናቴን መጅ ጭኜበት አደርኩ።

ከዚያ በጥንቃቄ የሠራኸውን የሚያበላሽ ብርጭቆ ወረቀት አለ። የወይራው ዱቄት ጥቁር ነው፣ ዝግባው ነጣ ያለ ነው። በወረቀት ስታሻው ጥቁሩ ዱቄት የነጩ እንጨት ቀዳዳ ውስጥ ይገባና አበባዋ የታመመች ትመስላለች። መድኃኒቱ በወረቀት ማሸት ሳይሆን በብረት ወይም በብርጭቆ ስባሪ መፋቅ ነው፤ አሮጌ አናጺዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ክፍተቱን ደግሞ «በሰጋቱራና በኮላ ሙላው» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ሞልቼ አይቻለሁ። ቫርኒሽ እስኪቀባ ድረስ አይታይም፤ ከተቀባ በኋላ ግን ከእንጨቱ ሁሉ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው፣ ጠቁሮ ይወጣል።

ቪዲዮዎቹን አለማንሳት አልችልም። ሁላችንም የተማርነው ከእነሱ ነውና ውለታቸውን አልክድም። ግን ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ሁለት እንጨት ደራርቦ፣ መጋዙን ትንሽ አዘንብሎ ይቆርጣል፤ የላይኛው ቁራጭ ታችኛው ውስጥ ያለ ክፍተት ይገባል። የምላጩ ውፍረት ስንት ነው? እንጨቱስ? የማዘንበያው ልክ የሚወጣው ከሁለቱ ነው፤ አንዱ ሲቀየር ሌላው ሁሉ ይቀየራል። እሱ «ትንሽ አዘንብሉ» ብሎ ያልፋል። ዋናው ቦታ ሲደርስ ሙዚቃ ይገባና ምስሉ ይሮጣል። እኛ ማየት የምንፈልገው እጁ የሚንቀጠቀጥበትን፣ ቁራጩ አልገባ ብሎ አውጥቶ መልሶ የሚሞርድበትን ነው። እሱን ቆርጠው ያወጡታል። ስለ ሥራው በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም፤ ሙያው ግን ለአገራችን አዲስ አይደለም። ላስታ ተራሮች ውስጥ፣ ዋሻ ሥር ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጌጠኛ የእንጨት ጣሪያ ከዛግዌ ዘመን ጀምሮ አለ። ያን የገጠሙ እጆች በዚሁ አገር የነበሩ ናቸው። እኔ ግን ዛሬ የመጋጠሚያውን ስም በራሴ ቋንቋ ለመጥራት እቸገራለሁ፣ ይህ ከመሮውም ከኮላውም በላይ ያሳዝነኛል።

መብራት ስለመጥፋቱ ብዙ አልናገርም፤ የሁሉም ሰው ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ራውተር (የእንጨት መቦርቦሪያው ማሽን) እየሠራ መብራት ከጠፋ ማብሪያውን ወዲያው አጥፉ። እኔ አንድ ቀን ረስቼው ሄጄ፣ መብራቱ ሲመጣ መሣሪያው ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተነስቶ ሮጠ። ልጄ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ በእጅ ብቻ ነው የምቦረቡረው፤ ለኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼም ይሻላል።

የሚደክመኝ ሌላው ጥያቄ «በሌዘር አምስት ደቂቃ የሚፈጀውን ለምን ትለፋለህ?» የሚለው ነው። በፍቅር ነው የሚጠይቁኝ። ሌዘር እንጨቱን ያቃጥላል፣ ሥዕል ይተዋል፤ ጥሩ ሥራ ነው። እኔ የምፈልገው ግን ዝግባው ዋንዛው ውስጥ እንዲኖር ነው፣ ላዩ ቢላጋም ከሥሩ ያው ዝግባ ሆኖ እንዲወጣ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ አሮጌ አናጺ አሉ። ዛሬ የሚያሠራቸው ሰው የለም፤ ሁሉም ኤምዲኤፍ ነው የሚፈልገው። የተበላሸውን ቅጠል ነቅዬ፣ ከዚያው ዝግባ የተረፈ ቁራጭ ጨምሬ ወሰድኩላቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ደርቋል?» አልኳቸው። መለኪያም አላወጡ፣ በጥፍርም አልቧጠጡ። ቁራጩን አንስተው ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ሌላ፣ የአቧራ ሽፋን ያለበት ቁራጭ አውርደው በእኔ ጉንጭ ላይ አደረጉት። ከዚያ የእኔን። የእኔው ይቀዘቅዛል። «ውኃ ያለው እንጨት ይበርዳል፣ ልጄ» አሉኝ። ሃምሳ ዓመት ያወቁትን ነገር በአንድ ደቂቃ ነገሩኝ። ለምን ቀድሞ ማንም እንዳልነገረኝ ስጠይቃቸው «ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

አሁን አልጋዬ ሥር አምስት ጣውላ አለ። በየጣውላው መካከል ስንጥር ገብቷል፣ በየጫፉ ላይ ቀንና ወር በእርሳስ ተጽፏል። ባለቤቴ መጥረጊያ አያስገባም ብላ ታማርራለች፤ እውነቷን ነው። የእናቴን አበባ ቅጠል የሚተካው ከእነሱ አይወጣም፤ የተሰበረ ዝግባ ወንበር እስካገኝ እየፈለግሁ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ዋንዛ ለማየት ሄጄ ነበር።

«ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው፤ ኧረ ቆይቷል።»

ጣውላውን አንስቼ ጉንጬ ላይ አደረግሁት። ሰዎች ያዩኛል። ይበርዳል።