የ50 ጥያቄ ጠላቂ

በፓዲ (PADI) የጠላቂዎች ሥልጠና ሥርዓት የጀማሪ ስኩባ ጠላቂ የመጨረሻ የጽሑፍ ፈተና 50 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት፤ ማለፊያው 75 በመቶ ነው። 12 ጥያቄ የሳተ ያልፋል፣ የሳተውንም ከአስተማሪው ጋር ይከልሳል። ባሕሩ እንዲህ ያለ የእርማት ልማድ የለውም።

የሥልጠናው ዋና ሕግ ትንፋሽን አለመያዝ ነው። ሰው ከተወለደ ጀምሮ በነጻ ሲተነፍስ ኖሮ፣ ቀይ ባሕር ዳር ዳሃብ ድረስ ሄዶ መተንፈስን ከፍሎ ይማራል። ምክንያቱ ግን ቀልድ አይደለም። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከላይኛው እጥፍ ነው፤ እዚያ አየር የሞላ ሳንባ ተዘግቶ ወደ ላይ ከወጣ አየሩ እየሰፋ ሳንባውን ሊቀድ ይችላል።

ከሠልጣኙ የሚጠየቀው የ200 ሜትር ዋና የሰዓት ገደብ ስለሌለው እስከ ምሳ ሊራዘም ይችላል። የእጅ ምልክት ጠንከር ይላል፦ አውራ ጣት ወደ ላይ «እንውጣ» ማለት ስለሆነ፣ በዓሣ ውበት ተደስቶ ጣቱን የቀሰረ ጀማሪ ሽርሽሩን ያሳጥራል።

በተደጋጋሚ ከጠለቁ በኋላ ከበረራ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ይመከራል። ለነገ ጠዋት ትኬት የቆረጠው ቱሪስት ስለዚህ ሕግ በፈተናው ሲጠየቅ ሳይሳሳት ይመልሳል፤ ከዚያም «አሥር ሰዓት አይበቃም?» ብሎ አስተማሪውን ይከራከራል።