ተገጭተዋል? ይቅርታ ይጠይቁ

በፖሊስ ፒክአፕ የተገጨ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ከመኪናው ወርዶ የፖሊሱን ፓራውልት በሚገባ መመርመር አለበት። የራሱን ይተዉት፤ የራሱ ምን እንደሆነ ጋራዥ ይነግሩታል። የእርስዎ ቪትዝ ያንን ከነብረት መከላከያው የመጣ ላንድክሩዘር ጭራው እንዳይሆን አጎንብሰው ያረጋግጡ። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አታይም እንዴ?» ሲልዎ፣ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ነበር ብለው እንዳይመልሱ። ቀዩ የበራው ለእርስዎ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም።

ይሄኔ ሕግ አውቃለሁ ባይ ጓደኛዎ ይደውላል። እንዲህ ዓይነት ጓደኛ የሌለው የአዲስ አበባ ሹፌር መቼም አይገኝም። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያነበንብልዎታል። በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በ2084 ሁለት መኪኖች ሲጋጩ እኩል እንዳጠፉ ተቆጥሮ ኪሳራው ለሁለት ይከፈላል፤ ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንዱ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2126 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሣ መጠየቅ ይችላል። ለመክሰሻ 2 ዓመት አለዎት። ጓደኛዎ ስልኩን ሲዘጋ ካሣው ተቆጥሮ ኪስዎ የገባ ይመስልዎታል።

እኔ በዚህ ሕግ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን የአባቶች ቃል አልዘነጋም፤ አንቀጽ 2137 ንጉሠ ነገሥቱ እንዳይከሰሱ በግልጽ ይደነግጋል። ተከታዩ አንቀጽ ሚኒስትሮችን፣ የምክር ቤት አባላትንና ዳኞችን ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ነገር ከክስ ይከልላል። ፒክአፕ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም! ንጉሡ ከወረዱ ሃምሳ ዓመት አለፈ፤ የለቀቁትን ቦታ ማን እንደያዘው መንገድ ላይ በየቀኑ እያየን ሕጉ እስካሁን አለመሻሻሉ ያሳዝናል።

ለነገሩ ባይሻሻልም ችግር የለም፤ ፕላን አለ። ጓደኛዎ የደረደራቸው አንቀጾች በሙሉ የሚንጠለጠሉት የአደጋው ንድፍ በሚሳልባት በዚያች አንድ ወረቀት ላይ ነው። ኢንሹራንስ ያለ ፖሊስ ሪፖርት አያናግርዎትም፤ ፍርድ ቤትም ማን አጠፋ ብሎ የሚያየው እሷን ነው። ፕላኑን የሚያነሳው ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ከሞተሩ ሲወርድ ልብ ብለው ይዩት። ለእርስዎ «መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ» ይላል። ለፒክአፑ ሹፌር ትከሻውን ይሰጣል፤ ልጆች ደኅና ናቸው ወይ፣ እገሌስ ወደ የት ተዛወረ ይባባላሉ። ይህን አይቶ የሚከፋው ሰው ነገር ፈላጊ ነው። መርማሪና ተመርማሪ ቢተዋወቁ ምን ነውር አለው? ምርመራው ሰላምታው ላይ ያልቃል፤ ጊዜ ይቆጠባል። ከዚያ ሜትሩ ይዘረጋል። ትራፊኩ አንዱን ጫፍ ይይዛል፤ ሌላውን ጫፍ፣ ከእርስዎ ጎማ ሥር አጎንብሶ፣ የሚይዝለት ያው የገጨዎት ሹፌር ነው። ትብብሩ ልብ ይነካል።

ሳይረኑስ? ሳይረን ተአምረኛ ዕቃ ነው፤ ከአደጋው በኋላ ይከፈትና ከአደጋው በፊት ይሰማል። ለድንገተኛ ሥራ ድምፅ አሰምቶና መብራት አብርቶ ለሚሄድ ፖሊስ ቅድሚያ መስጠት ግዴታ ነው፤ ድንገተኛው ሥራ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ግን ያስነውራል። ጋቢናው ውስጥ በፌስታል የተቋጠረ ሁለት ኪሎ ሥጋ ቢያዩ ኤግዚቢት ነው ብለው ይለፉት። «እሱ ነው የገጨው፣ እኛ አይተናል!» ሲሉ የነበሩት ተመልካቾችም ስልክ ቁጥራችሁን ስጡኝ ባሏቸው ቅጽበት ሁሉም ታክሲ ይመጣላቸዋል።

ቀጥሎ ሽምግልና ነው። «ለምን ትጉላላለህ? በስምምነት ጨርሱት» ይባላሉ። ውሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሁለቱም የየራሱን ያሠራ። እኩልነት ይሏል እንዲህ ነው፤ እርስዎ ኮፈን፣ ፓራፋንጎና የፊት መብራት ያሠራሉ፤ ፒክአፑ ይታጠባል። ሕይወትዎ በመትረፉም ማመስገን አለብዎ። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለሞተ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100,000። ያኔ ሲገጩ ምርጫ ቢሰጥዎት ኮፈኑን ማቅረብ ይሻል ነበር፤ ከአንገትዎ የተሻለ ተተምኖለት ነበርና።

ይህ ሁሉ አልዋጥ ብሎዎት እከሳለሁ ካሉ፣ መብትዎ ነው። መኪናዎ ለምርመራ ጣቢያ ትቆማለች፤ ጎማዋ ተንፍሶ ሥሯ ሣር ከበቀለባቸው ጓደኞቿ ጋር ትተዋወቃለች። ጠበቃዎ ክሱን ያዘጋጃል። ከዚያ አንቀጽ 2127 ይመጣል። ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም እየሠራሁ ነው ብሎ በቅን ልቦና ካመነ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ነው፤ ያለዚያ የግሉ ነው። ሹፌሩን ሲከሱት ሥራ ላይ ነበርኩ፣ መሥሪያ ቤቴን ጠይቁ ይላል። መሥሪያ ቤቱን ሲከሱት ሠራተኛው በዚያ ሰዓት ለግል ጉዳዩ ነበር የሚንቀሳቀሰው፣ እሱን ጠይቁ የሚል መልስ በማኅተም ይደርስዎታል። ያን ቀን ቅድሚያ ያሰጠው ድንገተኛ ሥራ መልሱ ውስጥ የለም። ክርክሩ እንግዲህ ወደ ሥጋው ይዞራል፤ ሁለቱ ኪሎ የተገዛው ለመንግሥት ጥቅም ነው ወይስ ለሹፌሩ ምሳ? ለማንኛውም የሥጋ ቤቱን ደረሰኝ ቢያቀርቡ ይመከራል፤ ቫት የተቆረጠበት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይታመናል።