ቡና በባለቤት ወንበር

ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ፣ ቃላት ጎሬ አፋፍ ላይ እንደ ሰው ጎጆ ቀልሰው በሚኖሩበት ዘመን፣ ዓረፍተ ነገር የሚባል ቤተሰብ ነበር።

ባለቤት ከፊት በወንበሩ ይቀመጣል። ቀጥሎ ተሳቢው ቡና «ን» የምትባል መታጠቂያውን አሸርጦ ይቆማል። ማሰሪያ አንቀጽ ቦታው ከሁሉ ኋላ፣ በሩ ሥር ነው፤ አፋን ኦሮሞ የሚናገሩት ጎረቤቶቻቸውም ማሰሪያቸውን የሚያቆሙት እዚያው ነበር። ማሰሪያ አንድ ጠባይ ነበረው፦ የባለቤቱን ምልክት ከገላው አይለይም። ባለቤት ሴት ብትሆን «ያዘች»፣ ብዙ ቢሆኑ «ያዙ» ይላል። ባለቤት እቤት ባይኖር እንኳ የሠራው ማን እንደሆነ ማሰሪያን አይቶ ማወቅ ይቻላል።

የጎሬ ቡና ያኔ በበቅሎ ተጭኖ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርዳል። ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ባሮ ላይ የሚደርሰው በክረምት ነው፤ ወንዙ ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። አንድ ክረምት ባለቤት ዋጋ እስኪጨምር ብሎ ቡናውን ጎተራ ውስጥ ያዘው። ባሮ ጎደለ፣ መርከቡ ተመለሰ፣ ቡናው ሻገተ። ሒሳባቸው ያልተከፈላቸው ለቃሚዎች ሽማግሎች ይዘው መጡ።

ባለቤት ማሰሪያን ጓዳ ጠራው። «ዛሬ ‹ያዘ› እንዳትል። ይቺን ‹ተ› ደርብ።» ቡናንም መታጠቂያውን አስፈታውና በራሱ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሽማግሎቹ ሲገቡ ማሰሪያ «ቡናው ተያዘ» አለ።

ሽማግሎቹ ወንበሩ ላይ ያገኙትን መጠየቅ ልማዳቸው ነውና ቡናን ያፋጥጡት ጀመር። «ለምን ተያዝክ? ለምንስ ሻገትክ?» ቡና የሚመልሰው አጣ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ልቤ ይቃጠላል። የተበደለውን በበዳዩ ወንበር አስቀምጦ መጠየቅ በቃላት መንደር ብቻ የሚሆን አይደለም። «ተወስኗል»፣ «ታግዷል» የሚል ወረቀት ይዞ ከመስኮት መስኮት የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል። ማን ወሰነ ብሎ ቢጠይቅ መልስ የለም፤ ጥፋቱን ግን ከእሱ ይፈልጉታል።

ከሽማግሎቹ መካከል በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ሰዋስው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ ማሰሪያ፣ 1928ን ረሳኸው? ሚያዝያ 24 ንጉሡ ከአዲስ አበባ ሲወጡ የመንግሥቱ መቀመጫ እዚሁ ጎሬ ሆነ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ነበሩ፤ ራስ እምሩም መጡ። እስከ 1929 ኅዳር፣ ጠላት ጎሬን እስኪይዝ ድረስ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ነበር፤ ሆኖም እዚህ የሚሠራው ሥራ የማን እንደሆነ የጠፋው ሰው አልነበረም። የራቀ ባለቤት ሌላ ነው፣ የተደበቀ ሌላ።»

«እማማ፣ ‹ተ›ን ያስደረቡኝ ጌታዬ ናቸው» አለ ማሰሪያ አቀርቅሮ።

«‹ተ› በራሷ ክፉ አይደለችም። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ‹ተሰረቀ› እንላለን፤ ነውር የለውም። አንተ ግን እያወቅህ ነው። በል ‹በ›ን ጥራው።»

«በ» ከደጅ ገብቶ ባለቤትን ክንዱን ይዞ ወደ መሐል አወጣው። ማሰሪያም «ቡናው በባለቤት ተያዘ» አለ።

ባለቤት ጮኸ። «ስለዚህ ነገር አላውቅም!»

«‹አላውቅም› ያለው ማነው?» አሉ እማማ። «‹እኔ› የሚል ቃል ከአፍህ አልወጣም። ግን አንተው ነህ፤ ማሰሪያህ ራሱ ይመሰክርብሃል።»

ባለቤት የሚለው አጣ። እማማ ቡናን ከወንበሩ አስነሡት፤ መታጠቂያውንም መልሰው በእጃቸው አሸረጡለት። ባለቤት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ማሰሪያ «ተ»ን አወለቀ። ከዚያም በለቃሚዎቹ ፊት «ቡናውን ያዝኩት» አሉ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ። ሽማግሎቹ ባለቤት የለቃሚዎቹን ሒሳብ ከሚቀጥለው ምርት በፊት እንዲከፍል ፈርደው ዋስ እንዲጠራ አዘዙት። ሁለት ዋስ ጠራ።