ወንበር ብቻ የሚያከራዩ ቁማርተኞች

ቴክሳስ ቁማርን ትከለክላለች። ሕጉ ግን ቀዳዳ አለው፦ ጨዋታው በግል ስፍራ ከተካሄደ፣ ከአሸናፊው በቀር ማንም ካልተጠቀመ፣ ዕድሉም ለሁሉም እኩል ከሆነ ተከሳሹ ይህንኑ መከላከያ አድርጎ ማቅረብ ይችላል። የፖከር ክለቦች በዚህች ቀዳዳ ሾልከው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ከተከመረው ብር ሳንቲም አይነኩም፤ ነውር ነዋ! የሚቀበሉት የአባልነት መዋጮና በሰዓት የሚታሰብ የወንበር ኪራይ ብቻ ነው። ባለቤቱ ቁማር አያጫውትም፣ ወንበር ያከራያል። የስፍራው የግልነትም አያጠራጥርም፤ መታወቂያውን አሳይቶ የከፈለ መንገደኛ ሁሉ እዚያው በሩ ላይ ቤተኛ ይሆናል።

የዳላስ ከተማ ቴክሳስ ካርድ ሃውስ ለተባለው ክለብ የቤት መጠቀሚያ ፈቃድ ሰጠች፤ ቆይታ ሐሳቧን ቀየረችና ነጠቀች። ክለቡ ለከተማዋ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ አቤት አለ፤ ቦርዱም ፈረደለት። ይሄኔ ከተማዋ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ የገዛ ቦርዷን ፍርድ ቤት ገተረችው። የከሳሽም የተከሳሽም ጠበቃ ከግብር ከፋዩ ኪስ ይከፈለው ነበር። ካርድ ሳይዝ፣ ወንበር ሳይከራይ፣ በሁለቱም ወገን እንዲያሲዝ የተደረገው ተጫዋች እንግዲህ እሱ ነው፤ ለነገሩ የአባልነት መዋጮ ማንም አልጠየቀውም።