ቀድሞ የታጠቀው ዊንችስተር

ጆን ዌይን በ1939 «ስቴጅኮች» ፊልም ላይ መንገድ መሀል ቆሞ ጠመንጃውን በአንድ እጁ ሲያሽከረክር ዓለም አጨበጨበለት። ታሪኩ የ1880 ነው፤ የያዘው ዊንችስተር ግን የ1892 ሥሪት። ሰውዬው ከፋብሪካው 12 ዓመት ቀድሞ ታጥቋል! (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ በእኛ ቢሰላም አይታረቁም።)

እስቲ ፊልሙን ምንሽር ከምሰሶው ሰቅለው ለኖሩ የቡሬ አባት አሳዩአቸው። ዓመተ ምሕረቱን ያልፉት ይሆናል፤ ጥይቱን ግን ይቆጥራሉ። ውጅግራ አንድ በአንድ እንደሚጎርስ ከአያታቸው የሰሙ፣ ባዶ ቀለህ እንኳ እንደ እህል ሲለቀም ያዩ ሰው ናቸው። ጀግናው ሳያጎርስ ፈረሰኛ ሁሉ ሲዘርር፣ «ይኼስ ጠበል የተረጨ ነው» ብለው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ።

እኛም ግን አንኩራ። የ1896ቱን ዓድዋ መድረክ ላይ እናውጣ ብንል ጎፈሬና ጋሻ አይቸግረንም። ውጅግራ ከየት ይምጣ? የአገሩ ሰው በእጁ ያለው ክላሽ ነው፤ እሱም የ1947። ሆሊውድን በ39 ዓመት በለጥነው ማለት ነው። ደግነቱ ፎካሪው ከተነሣ ጠመንጃ የሚያይ የለም።