የኪሎ ሕግ፦ ስለ አየር ጉዞ ምቾት የቀረበ አጭር ጥናት

የአየር ጉዞ ምቾት ተጓዡ ከመነሻው እስከ መድረሻው ራሱን እንደ ጭነት ሳይቆጥር የሚቆይበት ሁኔታ ነው። ከዋሽንግተን ዳለስ ወደ አዲስ አበባ በሚደረገው 13 ሰዓት ገደማ በሚፈጅ በረራ ይህ ሁኔታ የሚናጋው ትኬት በተቆረጠበት ቀን ነው። ተጓዡ ለማንም ባይናገር እንኳ ወሬው እስከ ማታ ይዳረሳል፤ በምን መንገድ እንደሚዳረስ እስካሁን አጥጋቢ ማብራሪያ አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ኪሎ አለህ?» የሚለው ነው። ለአንድ መንገደኛ በተለምዶ የሚፈቀዱት እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው። 46ቱም ኪሎ የእኔ ነው የሚል ተጓዥ ጀማሪ ይባላል። ላኪዎች የሚያመጡት ዕቃ ምንጊዜም «ትንሽ» ሲሆን፣ ትንሽነቱ በላኪው እጅ እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆይ ባሕርይ ነው። ናሙናው ሲፈተሽ ብዙውን ጊዜ አንድ ጥንድ የስፖርት ጫማ ይገኛል፤ በግራው ጫማ ውስጥ የቫይታሚን ብልቃጥ፣ በቀኙ በካልሲ የተጠቀለለ ሽቶ፣ በላዩ ላይ ሦስት ዙር ፕላስተርና በማርከር የተጻፈ የተቀባይ ስልክ ቁጥር። ላኪው ፕላስተሩ እንዳይፈታ አደራ ይላል፤ ተጓዡም ያልፈታውን ዕቃ ይዞ «ሻንጣህን ራስህ ነህ ያሰርከው?» ለሚለው ጠያቂ አዎ ብሎ ይመልሳል።

ሚዛኑ 26 ሲል ሻንጣው መሬት ላይ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ የሚታወቀው መፍትሔ ሁለት ጃኬት ደርቦ መልበስ ነው፤ ሚዛን ላይ የሚወጣው ሻንጣው እንጂ ሰውየው ስላልሆነ የጃኬት ኪስ እስከ ሁለት ኪሎ ያስተናግዳል። ዘዴው በዋሽንግተን የነሐሴ ሙቀትም ይሠራል፤ ምቾት ግን የለውም።

ኪሎ የአየር መንገዶች ክፋት ብቻ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፍም ሞተርም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚበር አውሮፕላን ሙሉ ጭነትና ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሣት ስለሚያዳግተው መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ከዳለስ ሲመለስ ግን ያለ ማቋረጥ ይመጣል። እናት ወደ ዋሽንግተን የምታስይዘው በርበሬ ከፊዚክስ ጋር የሚጋጨው ከቦሌ ሲነሣ ነው፤ እስካሁን በርበሬው እንዲቀር የተደረገበት አጋጣሚ ግን እምብዛም አይታወቅም።

አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ችግር ቀላል ነው። የአብዛኞቹ አውሮፕላኖች የውስጥ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለ ቦታ አየር ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል፤ ይህ ማለት አዲስ አበባ ነው። በቦይንግ 787 ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ የእንጦጦ ሰው ከቤቱ የተሻለ አየር ይስባል፤ ታፈንኩ ቢል ከፍታውን ሊወቅስ አይችልም። እርጥበቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ስለሆነ ውኃ መጠጣት፣ እግር እንዳያብጥ ተነሥቶ መንቀሳቀስ፣ ጆሮ ሲደፈን ምራቅ መዋጥ ወይም ማስቲካ ማኘክ ይጠቅማል። ሕፃን ጡት ወይም ጡጦ ቢይዝ ይበቃዋል።

ጎማው መሬት ሲነካ ይጨበጨባል፤ አውሮፕላኑ ሳይቆም መንገደኛው ይቆማል። መቆሙ በሩን እንደማያስከፍት ቢታወቅም ልማዱ አልቀነሰም። ውጭ ከቤተሰቡ ጎን የጫማው፣ የቫይታሚኑና የሽቶው ባለቤቶች ይጠብቃሉ፤ ተጓዡንም ከሻንጣው ቀጥለው ይስሙታል።

ይህን ሁሉ ለማስቀረት እስካሁን የታወቀው አስተማማኝ መንገድ ትኬት ቆርጦ ዝም ማለት ነው። እሱም የሚሠራው እናት ካልሰማች ነው።