የተገላቢጦሽ ታዛዥ

ሃያ ዓመት የሞላው ጎረምሳ ነጻነቱን የሚያውጀው አብዛኛውን ጊዜ አባቱን በመቃወም ነው። አባት ሐኪም ሁን ካሉት ሙዚቃ፣ ጸጉርህን ተስተካከል ካሉት ሹሩባ። እሱ ይህን ራስን መቻል ይለዋል። ለእኔ ግን የማሰቡን ሥራ አሁንም የሚሠሩት አባት ይመስሉኛል፤ የልጁን አቋም ለማወቅ አባትየውን ጠይቆ መልሱን መገልበጥ ከበቃ አሳቢው ማን ሆነና! ሹሩባውም ቢሆን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የተሠራው ነው። ከአባቱ ነጻ ወጥቶ ለእኩዮቹ ገብሯል፤ አባት እንኳ ቢያንስ እራት ያበሉ ነበር።

የእኩያ ጉልበት ቀላል አይደለም። ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1951 ውጤቱን ባሳተመው ሙከራ፣ አሜሪካውያን የኮሌጅ ተማሪዎችን ከሦስት መስመሮች መካከል ከናሙናው ጋር እኩል የሆነውን እንዲለዩ ጠየቀ። ለብቻው የተጠየቀ ሰው አይስተውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በምስጢር የተመከሩ ሌሎች ተማሪዎች ቀድመው በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን ሲጠሩ፣ ከአራት ተጠያቂዎች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ክደው አብረዋቸው ተሳስተዋል። ስለ ፖለቲካ እኮ አይደለም፣ ስለ ጋብቻም አይደለም፤ ስለ መስመር ነው! ከመሃል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን ስህተቱ ወደ ቀድሞው ሩብ ገደማ ወረደ። እንግዲህ ወጣቱን የሚጠቅመው ከጀግንነት ይልቅ «እንጃ፣ ለእኔስ ሌላኛው ነው የሚመስለኝ» የሚል አንድ ወዳጅ ነው።

«ጥፋቱ የባህላችን ነው፤ በታላቅ ፊት አትናገር ተብሎ ያደገ ልጅ ከየት አምጥቶ ያስባል?» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ቅኔ ቤትን ግን ረስተዋል። እዚያ ተማሪው መምህሩን እጅ እየነሳ፣ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል። የሰው ቅኔ ይዞ ቢቀርብ መሳቂያ ይሆናል። «ሁሉን ከራሱ የሚያፈልቅ ማን አለ?» ለሚሉትም መልሱ እዚያው ነው፦ ተማሪው ግሱን ያጠናል፣ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ የተማረው ሁሉ የሌላ ሰው ነው፣ የሚቆጥረው ግን የራሱ። አክብሮትና አዲስ ሐሳብ በአንድ ጎጆ ይኖራሉ ማለት ነው።

በዚህ ካልተስማማችሁ ደስ ይለኛል፤ ምክንያታችሁን ብቻ ከጓደኛ አትዋሱ።